አባታችን እንዳይነገራቸው ተማክረናል፤ ሐኪሙ ግን «እሳቸውን ልጠይቅ» ይላል

የመጨረሻዋ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) — እሑድ ማታ

ጽሑፌ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ለማን እንደምናገረው ጠፍቶኝ ነው እዚህ የመጣሁት።

አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። ደሴ ውስጥ ለ34 ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናታችን ካረፈች በኋላ ወደ እኔ መጡ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት፣ ማታ ማታ የብዜት ሠንጠረዥ የሚያስጠኑት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሰውነታቸውን ያሳክካቸው፣ ምግብም ያስጠላቸው ጀመር። በምርመራ የቆሽት ካንሰር ተገኘ፤ ጉበታቸው ላይም ደርሷል። የሐሞት መውረጃቸው ውስጥ ትንሽ ቱቦ ስለገባላቸው ቢጫነቱ ለቀቀ። እሳቸውም «ጉበቴን ነበር፤ አሁን ተሻለኝ» ይላሉ።

ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ሲናገር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እሱ ስለ ዕጢና ስለ ስርጭት የተናገረውን እኔ «ትንሽ እብጠት አለ፤ በመድኃኒት ይወርዳል» ብዬ ነገርኳቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አራት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜና አንዷ እህቴ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛዋ እህቴ ዱባይ ናቸው። በስልክ ተሰብስበን «አይነገራቸው» ተባባልን። ታላቅ ወንድሜ «ከነገርሻቸው በበሽታው ሳይሆን በአንቺ ቃል ነው የሚሞቱት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አሁን የያዛቸው ሐኪም ሌላ ነው፤ ደግ ሰው ነው። ለሐሙስ ቀጥሮናል። «ልባቸው ቢቆም፣ መተንፈስ ቢያቅታቸው ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ እሳቸውን መጠየቅ አለብኝ። መናገር ቢያቅታቸው ማን እንደሚወስንላቸውም ከአንደበታቸው መስማት አለብኝ» ብሎኛል። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳን በማለዳ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው የሚነገረው። ሕመምተኛን አስቀምጦ «ስትሞት ምን ላድርግልህ?» የሚባልበትን አማርኛ እኔ አላውቀውም። በዚህ ያለፋችሁ፣ ምን ብላችሁ ጀመራችሁ? የተናገረውስ ማን ነበር?


የእማማ ልጅ (ዴንቨር) — እሑድ ማታ

እህቴ፣ አትንገሪያቸው። ወንድምሽንም አትቀየሚው።

የእኔ እናት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ሌሊት፣ ከመካከላችን ማንም በሌለበት፣ አንድ ወጣት ሐኪም በስልክ አስተርጓሚ በኩል «የሚደረግልዎ ሕክምና የለም» አላት። ጠዋት ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ያመጣሁላትን አጥሚት አልነካችም። ከዚያች ቀን በኋላ እህል አልቀመሰችም፤ በዘጠነኛው ቀን አረፈች። ሕመሙ ይሁን ቃሉ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። አንቺ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተሸክመሽ እንድትኖሪ አልፈልግም።


አስተርጓሚ በሙያዬ (ዋሽንግተን ዲሲ) — ሰኞ ጠዋት

ለሁለታችሁም አዝኛለሁ። በሆስፒታሎች ውስጥ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩበትን ቁጥር አላስታውሰውም። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍ።

በመጀመሪያ፣ የመጨረሻዋ ልጅ፣ ሐሙስ ዕለት አንቺ አታስተርጉሚ። ልጅነትሽ ይበቃሻል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር በሕፃናት ልጆች ማስተርጎምም ክልክል ነው። ዛሬውኑ ደውለሽ አማርኛ የሚናገር፣ በአካል የሚገኝ ሰው ጠይቂ። በስልክ የሚመጣ ድምፅ የሰውን ፊት አያይም። የእማማን ልጅ የጎዳውም አንዱ ይኸው ይመስለኛል።

ቀጥሎ የቃላቱ ነገር አለ። ሐኪሞች እዚህ አገር «ሁሉን ነገር እናድርግላቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ በአማርኛ ሲሰማ ሌላ ጥያቄ ይሆናል፤ ቤተሰቡ የሚሰማው «ወይስ እንተዋቸው?» የሚለውን ነው። አባቱን ተዉት የሚል ልጅ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሁሉም «አዎ፣ ሁሉንም» ይላል፤ በማግስቱ የ80 ዓመት አዛውንት የጎድን አጥንት ሲሰበር ያያል። ሐኪሙ ድርጊቱን እንዲናገር ጠይቂው። «ልባቸው ቢቆም ደረታቸውን በኃይል እንጫናለን፤ በጉሮሯቸው ቱቦ አስገብተን በማሽን እናስተነፍሳለን» ይበል። ሆስፒታል ውስጥ ልባቸው ቆሞ ይህ ከተደረገላቸው ሰዎች ሁሉ በሕይወት ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ከ5 አንድ ያህል ናቸው። ካንሰሩ ለተሰራጨበትና ለደከመ ሰው ዕድሉ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ይህን የሰማ ቤተሰብ በእርግጥ መምረጥ ይችላል።

«ሆስፒስ» የሚለው ቃልም ያስደነግጣል፤ ሕይወቱ ወደ መጨረሻው ለተቃረበ ሰው የሚሰጥ እንክብካቤ ነው። ወገኖቻችን አባታቸውን ወስደው የሚጥሉበት ቤት ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነርሷ ናት ወደ ቤት የምትመጣው፤ አልጋውም፣ ኦክስጅኑም፣ የማስታገሻ መድኃኒቱም ወደ ቤት ይመጣል። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ላላቸው ሰዎች ሁለት ሐኪሞች «ሕመሙ በተለመደው መንገዱ ከሄደ የሚቀራቸው 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ነው» ብለው ሲፈርሙ ይጀመራል። ከ6 ወር በላይ ቢኖሩ ሐኪም እያረጋገጠ ይቀጥላል፤ ሐሳባቸውን ከቀየሩም መውጣት ይችላሉ። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ እወቂ። ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ አትቀመጥም። ስልኩ 24 ሰዓት ይሠራል፤ የሚያገላብጣቸውና የመድኃኒት ጠብታውን የሚሰጣቸው ግን ቤተሰቡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ጠቡ ሁልጊዜ «ይነገራቸው» እና «አይነገራቸው» በሚሉት መካከል ነው። ከሁለቱ በፊት የሚቀድም ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ እሱም ለአባትሽ ነው የሚቀርበው። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለሌላ ሰው?» ይባላሉ። ማወቅ መብታቸው ነው፤ አልፈልግም ማለትም መብታቸው ነው። «ለልጄ ንገሯት፤ እኔን ተዉኝ» ካሉ ሐኪሙ ይህን መዝግቦ ይቀጥላል፤ ሕግ አልጣሰም፣ አልዋሸምም። ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ከአስተርጓሚው ጋር አምስት ደቂቃ እንዲነጋገር ጠይቂ። አስተርጓሚው «አንተ» ሳይሆን «እርስዎ» እንዲል፣ ቀጠሮውም ጠዋት እንዲሆን አድርጊ።


ሁለተኛ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) — ሰኞ ከሰዓት

የአስተርጓሚው ወንድማችን ምክር እኛ ዘንድ ቢደርስ ኖሮ ዛሬ አምስት ወንድማማቾች ገና እንነጋገር ነበር።

አባታችን ማንንም ሳይሰይሙ በድንገት ራሳቸውን ሳቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ የተሰየመ ወኪል ከሌለና ባለቤት ከሌለች ልጆች ይጠየቃሉ፤ ካልተስማሙ ሐኪሙ የአብዛኞቹን ቃል መያዝ ይችላል። ሦስት ለሁለት ሆነን ማሽኑ ተነቀለ። አብዛኛው ያሸነፈበትን ቀብር ታውቃላችሁ? ሁለቱ ወንድሞቼ ድንኳኑ ውስጥ ከሌላኛው ወገን ተቀመጡ። ተዝካሩን ለየብቻ አወጣን። አባታችን በሕይወት ሳሉ ለአንዳችን «አንተ ወስን» ቢሉ ኖሮ ጥፋቱም ኃላፊነቱም የአንድ ሰው አደራ ይሆን ነበር እንጂ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም ነበር። እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር የሚወስነውን ሰው ስም ከአፋቸው አውጪ።


የመጨረሻዋ ልጅ — ሰኞ ማታ

አስተርጓሚው የጻፉትን ለእህቶቼ አነበብኩላቸው፤ ለሐሙስ በአካል የሚመጣ ሰውም ተገኝቷል። ታላቅ ወንድሜ ግን አልመለሰልኝም።

የሚያስጨንቀኝ የሚወስንላቸው ሰው የሚሰየምበት ወረቀት ነው። አባባ ወረቀት ፈርሞ የማያውቅ ሰው አይደሉም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲፈርሙ ነው የኖሩት። አሁን ግን ቅጽ ካዩ ይገባቸዋል። እኔም በእጄ ይዤ ልቀርባቸው አልችልም።


የጉዳይ ሠራተኛ ነበርኩ (ቦልቲሞር) — ሰኞ ማታ

ሜሪላንድ ውስጥ ወኪል የሚሰየምበት ቅጽ በሁለት ምስክር ፊት ይፈረማል፤ ወኪል የሚሆነው ሰው ራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም። ጠበቃም ሆነ የውል ማረጋገጫ ማኅተም አያስፈልግም።

የብዙ ሰው ጆሮ ያልደረሰ ነገር ግን አለ፤ ሕጉ የቃል ኑዛዜንም ይቀበላል። አባትሽ በሚያክማቸው ሐኪምና በአንድ ምስክር ፊት «እከሌ ይወስንልኝ፤ ይህ ይደረግልኝ፤ ይህ አይደረግብኝ» ካሉና በሕክምና መዝገባቸው ላይ ከነቀኑ ተጽፎ ከተፈረመ ይጸናል። የእኛ አባቶች በምስክር ፊት ይናዘዙ የነበረውም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ይናገሩ፤ ሐኪሙ ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ «ሞልስት» የተባለውን፣ ልብ ቢቆም የሚደረገውንና የማይደረገውን የሚገልጸውን የትእዛዝ ወረቀት ይሞላል። አንዱን ቅጂ ማቀዝቀዣችሁ በር ላይ ለጥፉት። አምቡላንስ ከጠራችሁ የሚመጡት ሰዎች የሚያዩት እሱን ነው፤ ከሌለ ደረት መጫን ግዴታቸው ነው። የተሰየመ ሰው ሳይኖር ልጆች ባይስማሙ ደግሞ፣ ሜሪላንድ እንደ ቨርጂኒያ ድምፅ አትቆጥርም፤ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ አማካሪ ኮሚቴ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሲሆን ሕመምተኛው አልጋ ላይ ነው።


የኮምቦልቻው (ሚኒያፖሊስ) — ማክሰኞ ጠዋት

የወሎ ሰው ናቸውና አባትሽን እንደ አባቴ ነው የማያቸው።

እኛ ሙስሊሞች ዘንድ የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሰው ወሲያውን (ኑዛዜውን) ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንኳን እንዳያድር ነቢዩ አዘዋል። አባቴ በጤናው ጊዜ በየረመዳኑ ደብተሩን አውጥቶ ያድሰው ነበር፤ ያለበትን ዕዳ፣ ያበደረውን፣ የሚያጥበውን ሰው ስም ሁሉ። ሲታመም «ልንነግረው ነው?» ብለን አልተጨነቅንም፤ ደብተሩን ራሱ «አምጡልኝ» አለ። አባትሽንም በዚህ በር መግባት ትችዪ ይሆናል። ስለ ሞት አትጠይቂያቸው። «አባባ፣ የሰው ዕዳ አለብዎት? አደራ የሚሉኝ ነገር አለ?» በያቸው።


ሲስተር (አዲስ አበባ) — ማክሰኞ ከሰዓት

በማስታገሻ ሕክምና ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፤ ምናልባት አባትሽ «አገሬ ውሰዱኝ» ቢሉ ይጠቅምሻል።

አገር ቤትም «ሆስፒታሉ መልሶ ሰደደን» ሲባል ነገር ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ተመሥርቶ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየሄደ ይጎበኛል፤ ጤና ሚኒስቴርም ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። የሚጠጣ ሞርፊን አለ። ደሴ ግን ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ያለውን አገልግሎት እዚያ እናገኛለን ብላችሁ አትነሡ። ከዋሽንግተን የሚደረገው በረራ ደግሞ 13 ሰዓት ያህል ነው፤ አየር መንገድ ሐኪም የሞላው የጤና ቅጽ ይጠይቃል። የሚወሰን ከሆነ ቶሎ ይወሰን። አቅማቸው ከደከመ በኋላ የሚደረግ ጉዞ ሥቃይ ነው፤ ዓይቼዋለሁ።

ሞርፊን ራሱ ሁለተኛው ነገር ነው። «ሞርፊን ከጀመሩለት ሊገድሉት ነው» የሚለው ወሬ ከካንሰሩ ያልተናነሰ ሰው አሠቃይቷል። ሞርፊን ሕመም ለመቀነስ በትንሹ ተጀምሮ፣ እየታየ የሚጨመር መድኃኒት ነው። የሚጠጣው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሆድ ስለሚያደርቅ ከጅምሩ የሚያለሰልስ አብሮ ይታዘዛል። የቆሽት ሕመም ጀርባ ድረስ የሚወጋ ነው። አባትሽ አስተማሪ ናቸውና ዝም ብለው ይችሉት ይሆናል። «ከ10 ስንት ይሰጡታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ቁጥር ለእሳቸው ቋንቋቸው ነው።


የናታንያዋ (እስራኤል) — ማክሰኞ ማታ

እዚህም ያው ነው። አያቴ ዕብራይስጥ አይሰሙም ነበር፤ ሐኪሙ ለእኔ እየነገረኝ፣ እኔ ለእሳቸው እየደበቅሁ ሦስት ወር ሄድን።

እስራኤል ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የወጣ፣ ለመሞት ስለ ተቃረበ ሕመምተኛ የሚደነግግ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ ሰው አስቀድሞ መተንፈሻ ማሽን እንዳይገባለት መናዘዝ ይችላል፤ አንዴ ከገባና በተከታታይ መሥራት ከጀመረ ግን መንቀል አይፈቀድም። እኛ ይህን አላወቅንም ነበር። «ለጊዜው ይግባ፤ በኋላ እናያለን» አልን። በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። አገርሽ ሌላ ቢሆንም ስለ ማሽኑ የምትወያዩት ከመግባቱ በፊት ይሁን።


ዲያቆን ነኝ (አትላንታ) — ረቡዕ ጠዋት

የንስሐ አባታቸውን ጥሪያቸው፤ ዛሬ። ብዙ ቤተሰብ ካህን የሚጠራው ሕመምተኛው ዓይኑን መግለጥ ካቆመ በኋላ ነው። ኑዛዜ የሚናዘዘው የሚናገር ሰው ነው፤ ሥጋውና ደሙን ለመቀበልም መዋጥ መቻል አለባቸው። የቀንዲል ጸሎት ለሕሙማን የሚደረግ ነው፤ ለሞተ ሰው አይደለም። ካህን ቤት ሲገባ «ሊሞቱ ነው» የሚል ምልክት ይሆናል ብላችሁ አትፍሩ። ዛሬ መጥተው ጸሎት ቢያደርሱ አባትሽ የሚጠሉት አይመስለኝም።

መተንፈሻ ማሽን አልፈልግም ማለት ራስን ማጥፋት እንዳይሆንባቸው የሚጨነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔም አባቴ ሲታመሙ ይኸንኑ ፈርቼ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነበር። «ሞትን መጥራትና የመጣውን ሞት በማሽን አለመታገል አንድ አይደለም፤ ልጄ» ነበር መልሳቸው። የእናንተም የንስሐ አባት ጥያቄውን ከአባትሽ ከራሳቸው ይስሙት።


የመጨረሻዋ ልጅ — ሐሙስ ሌሊት

ተመልሰናል። ሁሉንም ልጻፈው፤ ካደረ አይወጣልኝም።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። አስተርጓሚው በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነበር። አባባ ቀድመው እሱን «ልጄ፣ አገርህ የት ነው?» አሉት። «ወረኢሉ» ሲላቸው ፊታቸው ተፈታ፤ የወረኢሉ መምህራንን እየጠሩ ጥቂት ተጨዋወቱ። ሐኪሙ ዝም ብሎ ጠበቀ። ያቺን ዝምታ አልረሳለትም።

ከዚያ እንደተመከርኩት ጠየቃቸው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?»

አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ስሙን አልፈልገውም» አሉ። «ስሙን ለልጄ ንገራት። ጊዜው አጭር ከሆነ ግን ለእኔ ንገረኝ። የማደርገው አለኝ።»

ሐኪሙ «አጭር ነው» አላቸው። «ሳምንታት ናቸው፤ ጥቂት ወራት ሊሆንም ይችላል።»

«እሺ» አሉ። እሺ ብቻ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁ።

ሐኪሙ ስለ ልብና ስለ ማሽን ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ነበር። አባባ የጀመሩት ግን ከአክስቴ ነው። ደሴ ያሉት ታላቅ እህታቸው 84 ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ደካማ ነው። «እኔ ስሞት እትዬ በስልክ እንዳትሰማ። ማለዳ ሰው ይሂድላት። ፌስቡክ ላይ ከእሷ በፊት ማንም እንዳይጽፍ» አሉ። ቀጥለው የእድራቸውን ነገር አነሡ፤ የደሴው እድር ውዝፍ እንዳለባቸው፣ ለዚያም እንደሚያፍሩ ተናገሩ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሬሳቸው እንዳይጫን፣ እዚሁ እንዲቀበሩ፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ለልጆቼ እንዲቀመጥ ተናገሩ። ሌሊት ሲነቁ አማርኛ የሚናገር ሰው አጠገባቸው እንዲኖር ጠየቁ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ተቆረጠ። ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ሌሊት ሌሊት ምን ያህል እንደፈሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐኪሙ አንድም ሳያቋርጥ ሁሉንም ጻፈው። ስለ እድሩ ሁለት ጊዜ አስጠይቆ እድር ምን እንደሆነ ተረድቶ ጻፈ።

ወደ ማሽኑ ሲደርስ አስተርጓሚው ድርጊቱን አስረዳቸው። «ደረቴን አትስበሩት። ከማሽን ጋር ታስሬ አልሞትም» አሉ። «ማን ይወስንልዎት?» ሲባሉ እኔን ይላሉ ብዬ ነበር። የዱባይዋን እህቴን ጠሩ። ደነገጥኩ፤ ከፋኝም፤ አልዋሽም። አባባ አይተውኛል። «አንቺ ታስታምሚኛለሽ። ያስታመመ አይወስንም፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ከተጫኑ ይሰብሩታል» አሉኝ። እሷ ካልተገኘች ምትኬዋ እኔ ነኝ። ስለ ታላቅ ወንድሜ «እሱ በቃ ማለት አይችልም፤ ይወደኛል። እሱ የእትዬን መርዶ ይምራ» አሉ።

የጉዳይ ሠራተኛዋ እንዳሉት በቃል ሆኖ በሐኪሙና በነርሷ ፊት ተመዘገበ። በመኪና ስንመለስ አባባ «ያ ወረኢሉ ጥሩ ሰው ነው» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ማታ ለወንድሜ ደውዬ የተሰጠውን አደራ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ «እትዬ ጋ ማንን ይዤ ልሂድ?» አለኝ።


የእማማ ልጅ — ዓርብ ጠዋት

«ስሙን አልፈልገውም፤ ጊዜውን ንገረኝ» ያሉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቴን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እሑድ የጻፍኩልሽን ቃል አንስቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።


የመጨረሻዋ ልጅ — ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሆስፒስ ገብቶልናል፤ አልጋው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው። የንስሐ አባታቸው መጥተው አቆርበዋቸዋል። ሌሊት ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ተራ ገብተው ያድራሉ፤ አማርኛ የማይሰሙበት ሌሊት የለም።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከትናንት ጀምሮ ምግብ እምቢ አሉ። በማንኪያ አጥሚት ስሰጣቸው ያስላቸዋል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «አስርበሽ ልትገድያቸው ነው» ትለኛለች።


ሲስተር (አዲስ አበባ) — በዚያው ቀን

የእኔ እህት፣ እየተራቡ አይደለም። ሰውነት ሲዘጋ እህልን አይፈልግም፤ ስላልበሉ አይደለም የሚሞቱት፣ እየሞቱ ስለሆነ ነው የማይበሉት። የሚያስላቸው ወደ ሳንባቸው እየገባ ስለሆነ ነው፤ በግድ አትስጪያቸው። ከፈለጉ አንድ ማንኪያ ውኃ ቀና ብለው፤ ካልፈለጉ ከንፈራቸውንና አፋቸውን በረጠበ ጥጥ አርጥቢላቸው፤ ቅባትም ቀቢላቸው። ጉሮሯቸው ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ካሰማ አትደንግጪ፤ በጎናቸው አስተኚያቸውና ለነርሷ ደውይ። እጃቸውን ያዢ። ለእህትሽም ይህን ጽሑፍ ላኪላት፤ በእኔ ትቆጣ።


የመጨረሻዋ ልጅ — ከአምስት ቀን በኋላ

አክስቴ ዛሬ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተረድተዋል።

ወንድሜ ከትናንት በስቲያ ማታ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደሴ አድሯል። አራት የእድር ሽማግሌዎችና የአክስቴን የንስሐ አባት ይዞ ሄደ፤ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይጠብቅ ነበር። እኛም እዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ስልካችንን ዘግተን ለማንም ሳንጽፍ ቆየን። አክስቴ አልቅሰው፣ ደረታቸውን መትተው፣ ከዚያ ወንድሜን «ማን አጠገቡ ነበር?» ብለው ጠየቁት። ተራው የአንድ የመርሳ ሴት ነበር፤ እኔም የአባባን እጅ ይዤ ነበር። የሴትዮዋንም ስም ነገራቸው።

የእድሩ ውዝፍ ባለፈው ወር ተከፍሏል። ደረሰኙን ወንድሜ በስልክ ልኮልኝ፣ አትሜ አልጋቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፌላቸው ነበር። አልጋውን ትናንት ወሰዱት፤ ደረሰኙ እዚያው አለ።